በማኅፀን ያለውን ሕፃን ስለ መመዘን

ወደ መውለጃዋ የተቃረበች ነፍሰ ጡር ከአልትራሳውንድ ክፍል ስትወጣ ባልዋም እናትዋም ከሁሉ አስቀድመው «ስንት ኪሎ አሉሽ?» ብለው ይጠይቋታል፤ እርስዋም በወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ቁጥር እንደ ተቈረጠ ፍርድ ተቀብላ፥ ከፍ ያለ እንደ ሆነ «እንዴት አድርጌ እገላገለዋለሁ» በሚል ሥጋት፥ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ደግሞ «ምን አጕድዬበት ይሆን» በሚል ኀዘን፥ ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ ታነጋዋለች።

ነገር ግን በማኅፀን ያለ ሕፃን በሚዛን ላይ አይወጣም። መሣሪያው የሚለካው የሕፃኑን ጭንቅላት ስፋትና ዙሪያ፥ የሆዱን ዙሪያና የጭኑን አጥንት ርዝመት ሲሆን፥ ኪሎው ከነዚህ ልኮች በስሌት የሚወጣ ግምት ነው፤ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበትም ቀመር አሜሪካዊው ሐኪም ፍራንክ ሃድሎክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት ነው። ግምቱ ከእውነተኛው ክብደት ከመቶ 10፥ አንዳንድ ጊዜም 15 እጅ ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስለሚርቅ፥ «4 ኪሎ» የተባለው ሕፃን 3 ኪሎ ተኩል ወይም 4 ኪሎ ተኩል ሆኖ ቢወለድ ሐኪሙ ዋሸ አይባልም። ይልቁንም ስሌቱ አብዝቶ የሚስተው እጅግ ገዝፈው ወይም እጅግ አንሰው በሚገኙት ሕፃናት ላይ፥ ማለትም እናቲቱ እርግጡን ለማወቅ አብዝታ በምትናፍቅበት ጊዜ መሆኑ ያሳዝናል።

ሥጋቱ ከንቱ ነው አልልም። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው በ1974 የአዲስ አበባውን የፊስቱላ ሆስፒታል ያቋቋሙት፥ ምጥ ለቀናት ታግዶባቸው፥ ልጃቸውን አጥተው፥ ሽንታቸውን መቈጣጠር የተሳናቸውን ወጣት እናቶች መከራ አይተው ነው። ይህን መከራ የሚያውቁ አሮጊቶች፥ ልጁ እንዳይገዝፍ እርጉዟ ምግብ እንድትቀንስ ቢመክሩ፥ ምክሩ ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አከብራለሁ፤ ምክሩን ግን አልቀበለውም። ምጡን የሚያግደው የሕፃኑ ክብደት ብቻ ሳይሆን የጭንቅላቱ አቀማመጥ፥ የእናቲቱ ዳሌ ስፋትና የምጡ ብርታት ጭምር ነውና፥ ረኀብ ይህን ሁሉ አያቃናውም፤ እናቲቱን ደም አሳጥቶና አድክሞ ለምጥ ያደርሳታል እንጂ።

ከሐኪሞቻችንና ከአዋላጆቻችን የምለምነው ቁጥሩን ከነስሕተቱ ወሰን እንዲነግሯት፥ በሳምንታት ልዩነት የተወሰዱትን ሁለት ልኮች አስተያይተው ዕድገቱ እንዳልቈመ እንዲያሳዩአት፥ በዘሩ ደቃቃ የሆነውንም ሕፃን ዕድገቱ ከተገታበት ለይተው እንዲያስረዷት ነው። ገዝፏል የሚያሰኝ ምልክት ቢታይ የስኳር ምርመራ ይደረግላት፤ የመውለጃዋም ስፍራ ቀዶ ሕክምና የሚገኝበት እንዲሆን አስቀድሞ ይታሰብበት። የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀድሞው ሲቀንስ የተሰማት እናት ግን፥ የተነገራት ኪሎ ምንም ያህል የሚያስደስት ቢሆን፥ ነገን ሳትጠብቅ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ትሂድ።