መሐል ሜዳና የጓሳ ሣር

በዓል ሲደርስ በግ ልንገዛ ሸጎሌ ገበያ ስንሄድ «የመንዝ በግ ነው፤ ጠጉሩን እየው!» ሲባል ሰምተናል። ለመሆኑ የበጉ አገር የት ነው? ዛሬ ስለዚያ አገር እናንብብ።

መንዝ በሰሜን ሸዋ ነው። ደብረ ብርሃንን አልፈን፣ ጣርማ በር ላይ ከደሴ መንገድ ወደ ግራ እንታጠፋለን። መሐል ሜዳ ከተማ የምትገኘው በዚያ መንገድ ነው። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ብርዱ ያንዘፈዝፋል! ጤፍ እዚያ አይሆንም። ገበሬው ገብስና ባቄላ ይዘራል። ውርጭ ከመታው ግን የዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት ይጠፋል። ስለዚህ በጉ ለመንዝ ገበሬ ሁለተኛ ጎተራው ነው። እህል ሲያልቅ በግ ይሸጣል። ጠጉሩንም ሴቶቹ ይፈትሉታል፤ ወንዶቹ ባና ይሠሩበታል።

አገሩ ሩቅ ነው ብለን አንናቀው። የሸዋ ነገሥታት አባት ነጋሲ ክርስቶስ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተነሡት ከመንዝ ነው። አዲስ አበባን ከእቴጌ ጣይቱ ጋር የቆረቆሩት ዳግማዊ ምኒልክም የእሳቸው ዘር ናቸው።

እኛን የገረመን ግን የሣሩ ነገር ነው። ከመሐል ሜዳ ወዲህ ጓሳ የሚባል ሰፊ ደጋ አለ። ሣሩም ጓሳ ይባላል። ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ ለዝናብ የሚለበሰው ጌሳም ከእሱ ይሠራል። አባቶች ይህን ሣር «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ቦታው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል። ከዚያ በበጋ ተከፍቶ ይታጨዳል። ያለ ጊዜው ያጨደ ሰው ይቀጣል። ታዲያ ድርሻ የነበራቸው የአስቦና የጌራ ዘሮች ብቻ ነበሩ። ሌላው ገበሬ በአጠገቡ እየኖረ ባዶ እጁን ይቀራል። ይህ ፍርድ ነው እንዴ?

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ ቄሮም አብሮ ቀረ። ሣሩ የሁሉም ሆነ፤ ጠባቂ ግን አጣ። ሁሉም በየፊናው አጨደ፤ ከብቱንም ለቀቀበት። ሣሩ ሳሳ።

በኋላ የየቀበሌው ገበሬዎች ተሰብስበው መከሩ። እንደ ዕድር ደንብ አወጡ፤ ጠባቂም አቆሙ። አሁን ድርሻው በዘር አይደለም፤ በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ሁሉ አለበት። የአማራ ክልልም ቦታውን በሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አደረገው። ሣሩ አገገመ። ዛሬ እዚያ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ይግጣል፤ ቀይ ቀበሮም በሣሩ መካከል አይጥ ያድናል።