አይስክሬም ሲቆረጠም

ጣፋጭ ቶሎ ይሰለቻል። አሜሪካ የምንኖር ብዙዎቻችን የልደት ኬኩን አንድ ሁለቴ ጎርሰን ሳህኑን የምናስቀምጠው ለዚህ ነው። ከሱፐርማርኬት ፍሪዘር ከሚወጡት አይስክሬሞች ሁሉ የኦቾሎኒ ቅቤና ፕሬትዝል ያለበትን የምመርጠው ጨው ስላለው ነው፤ ከጨውም በላይ ስለሚቆረጠም። ቆሎና ኦቾሎኒ እየቆረጠመ ላደገ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የቤን ኤንድ ጄሪስን «ቸቢ ሀቢ» እንውሰድ። መሠረቱ የብቅል ጣዕም ያለው ቫኒላ ነው፤ ጠላ ከሚጠመቅበት ቤት የወጣ ሰው ብቅሉን ለመለየት አይቸገርም። በመካከሉ የኦቾሎኒ ቅቤና ቸኮሌት መስመር እየሠሩ ያልፋሉ። ከዚያ ዋናው ይመጣል፦ ሆዱ በኦቾሎኒ ቅቤ የተሞላ፣ ከላይ ቸኮሌት የለበሰ ትንሽ ፕሬትዝል። ጥርስ ሲያርፍበት መጀመሪያ ቸኮሌቱ ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ ፕሬትዝሉ ቀጭ ይላል፣ መጨረሻ ላይ ኦቾሎኒው ከነጨው ምላስ ላይ ይቀራል። ቅዝቃዜ ጣፋጭነትን ስለሚያደበዝዝ አይስክሬም ሲሠራ ስኳሩ በርከት ይላል። አፍ ውስጥ ሲሟሟ ያ ስኳር በአንዴ ይገለጣል፤ ያን ጊዜ ነው ጨው የሚደርስለት።

ቸኮሌቱ ለጌጥ የተቀባ አይደለም። አይስክሬም ውስጥ ያለው ውሃ ፍሪዘር ውስጥም ቢሆን ሁሉም አይረጋም፤ ስኳሩ ከፊሉን ፈሳሽ አድርጎ ያቆየዋል። ደረቅ ፕሬትዝል ደግሞ ያገኘውን እርጥበት ይመጥጣል። በመካከላቸው ስብ ካልገባ ፕሬትዝሉ ይልፈሰፈሳል። አንድ ሱፐርማርኬት በራሱ ስም የሚሸጠውን ርካሽ ዓይነት ቀምሼ ያዘንኩት በዚህ ነው፦ ፕሬትዝሉን ምንም ሳያለብሱ ጨምረውት ውሃ የነካው ዳቦ ሆኗል። ቸኮሌቱን የቆጠበ አምራች ምርቱን ራሱን ነው የቆጠበው።

የቤን ኤንድ ጄሪስ መሥራቾች ቤን ኮኸንና ጄሪ ግሪንፊልድ በ5 ዶላር የተልእኮ ትምህርት አይስክሬም አሠራር ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ቬርሞንት ውስጥ በርሊንግተን ከተማ አንድ የድሮ ነዳጅ ማደያ አድሰው ሱቅ ከፈቱ። ቤን የማሽተት ችግር አለበት፤ ሽታ ከሌለ ደግሞ ጣዕም አብዛኛው ይጠፋል። ስለዚህ የሚፈልገው ጥርስ ላይ የሚታወቅ ነገር ነበር፣ ጄሪም ትልልቅ ቁርጥራጭ ጨመረለት። ድርጅቱ የታወቀበት ነገር የመጣው ከዚህ ጉድለት መሆኑ ሁሌም ይገርመኛል። ጥርስም ከምላስ እኩል እንደሚያጣጥም ያወቀው ማሽተት የተሳነው ሰው ነው።

ስትገዙ ካርቶኑን አንብቡ። በአሜሪካ ሕግ «አይስክሬም» ለመባል ቢያንስ 10 በመቶ የወተት ስብ ያስፈልጋል፤ ቸኮሌትና ኦቾሎኒ የመሳሰለው ሲበዛበት እስከ 8 በመቶ ዝቅ ማለት ይፈቀዳል። ይህን ያላሟላው «ፍሮዝን ዴይሪ ዲዘርት» ተብሎ እዚያው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ሥዕሉም ያው ነው። በእጃችሁም መዝኑት። መጠኑ እኩል ሆኖ የሚቀልለው ብዙ አየር የተነፋበት ነው፤ ለአየር ገንዘብ አይከፈልም። ቤት ስትደርሱ ደግሞ ከፍሪዘር አውጥታችሁ ወዲያው ማንኪያ አትስደዱበት። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ጠርዙ ሲለሰልስ የብቅሉ ጣዕም ይወጣል፣ ፕሬትዝሉ ግን እንደ ደረቀ ይጠብቃችኋል።

የተጀመረ ካርቶን ሲከርም ይበላሻል። ፍሪዘሩ በተከፈተ ቁጥር ላዩ በትንሹ ይቀልጣል፣ ተመልሶ ሲረጋ ውሃው ትልልቅ ቅንጣት ይሠራና በረዶ በረዶ ይላል። ወተት ስላለበት በጾም አይነካም፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው። የተጀመረ ካላችሁ ለቅበላ አውጥታችሁ ከልጆቹ ጋር ጨርሱት፤ ለፋሲካ አዲስ ይገዛል።