ሊብሬው ላይ የተጻፈው ዓመት

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ መኪናውን የሚያቆም አንድ ጠበቃ ከሙያው ጋር የማይገናኝ ጥያቄ ሳይሰማ አይውልም፤ «ጋሼ፣ ይህቺን ነገር መቼ ነው የሚቀይሯት?» ጠያቂው የመኪና ጠባቂው፣ ደንበኛው ወይም የሥራ ባልደረባው ሊሆን ይችላል። ጥያቄው የሚነሣው ሰውየው ቤት መሥራቱ፣ ልጆቹን ከፍሎ ማስተማሩ እየታወቀ በ1970ዎቹ በተሠራች ኮሮላ ዲኤክስ ስለሚመላለስ ነው። ድኻ ቢሆን ማንም አይጠይቀውም ነበር።

መልሱን ደግሞ ጠያቂዎቹ ራሳቸው ይዘውት ይመጣሉ። ቆጣቢ ነው፤ ቆጣቢ ካልሆነ ቋጣሪ ነው። ወይም ሀብቱን እየደበቀ ነው። ወይም አባቱ የገዙለት መኪና ስለሆነች ሆዱ አልቆርጥ ብሎት ነው። እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን አልክድም። ነገር ግን አዲስ መግዛት እየቻለ አሮጌ የሚነዳ የአዲስ አበባ ሰው ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ ምክንያት አለው ባይ ነኝ። ምክንያቱ ጥሩ ሆኖ የሚቆየው ግን በአንድ ግዴታ ነው፤ ያንን ግዴታ አብዛኞቹ የአሮጌ መኪና ወዳጆች መስማት አይወዱም።

በመጀመሪያ ምክንያቱ ያልሆነውን ላንሣ። በሌላ አገር አሮጌ መኪና የሚነዳ ባለ ገንዘብ የሚያቀርበው ሒሳብ የታወቀ ነው፤ አዲስ መኪና በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከዋጋው አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፣ ያንን ኪሳራ ሌላ ሰው ይሸከምልኝ ይላል። እዚህ ይህ ሒሳብ ተገልብጦ ነው የኖረው። ለብዙ ዘመን በአንድ መኪና ላይ የጉምሩክ ቀረጥ፣ ኤክሳይዝ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ ሱር ታክስ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ ሲሰላ ቆየ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ ዘጋው። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 አለፈ። እያንዳንዱ እርምጃ አስቀድማ አገር ውስጥ የገባችውን አሮጌ መኪና ዋጋ ወደ ላይ ገፋው።

ስለዚህ የዲኤክስ ባለቤት መኪናውን ከገዛበት በላይ ሊሸጣት ይችላል። ደላላውም ይህንን ሳይነግረው አያልፍም። ሆኖም ትርፉ የወረቀት ነው፤ ሸጦ የሚገዛትም መኪና ዋጋዋ አብሮ ወጥቷል፣ መሸጫው ላይ ያገኘውን መግዣው ላይ ይመልሳል። በዋጋዋ መውጣት የሚጽናና ባለቤት ራሱን እያታለለ ነው።

እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። በዚህ ከተማ የአንድ መሣሪያ ዕድሜ የሚታወቀው ሊብሬው ላይ በተጻፈው ዓመት አይደለም፤ መለዋወጫው ምን ያህል ሩቅ እንደሆነና የሚገጥመው እጅ የት እንዳለ ሲታወቅ ነው። የልደታ ሰው ለዚህ ሩቅ ምስክር አያስፈልገውም። ከሜክሲኮ በተግባረ ዕድ፣ በልደታና በኮካ ኮላ አልፎ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው የቀላል ባቡር መስመር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከዚያ የበለጠ አዲስ ነገር ከተማው ውስጥ አልነበረም። ለሁለቱ መስመሮች ከገቡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው በመለዋወጫና በውጭ ምንዛሪ እጦት ቆሙ። ከሐዲዱ አጠገብ ባለው መንገድ ላይ ግን ከባቡሩ ሠላሳ ዓመት የሚበልጡ መኪኖች ዛሬም ማርሽ እየቀየሩ ያልፋሉ። ታዲያ ከሁለቱ ያረጀው የትኛው ነው?

የእነዚያ መኪኖች ምስጢር ሁለት ነው። አንደኛው አሠራራቸው ነው። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ የከተማውን ታክሲ ለብዙ ዓመታት የተሸከመችው ላዳ ጣሊያናዊቷ ፊያት 124 ናት። ሶቪየቶች ፈቃዱን በ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲገዙ መኪናዋን በራሳቸው መንገድ ፈተኗት፤ አካሏ አልቻለም። ቆርቆሮዋን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት፣ የኋላውን ዲስክ ፍሬን በከበሮ ለወጡት፤ ባትሪ በብርድ ቢሞት እንኳ በማኒቬላ እንድትነሣ አደረጓት። ለሳይቤሪያ የታሰበው ለጌጃ ሰፈር ኮብልስቶንም ተስማማ። ዲኤክስም ብትሆን ኮፋኖዋ ሲከፈት ሁሉም ነገር ይታያል። ካርቡራተሩ፣ ካንዴላዎቹ፣ ራዲያተሩ የት እንዳሉ መኪና ነድቶ የማያውቅ ሰው እንኳ በጣት ሊያሳያቸው ይችላል።

ሁለተኛው እጅ ነው። ተክለሃይማኖት አጠገብ ያለው ሶማሌ ተራ ለእነዚህ መኪኖች የማይሸጠው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ አንዳንዱ ዕቃ ከየት እንደመጣ ባይጠየቅ ይሻላል እንጂ። የፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ጓርኒሲዮን ጠዋት ተገዝቶ ከሰዓት በኋላ ይገጠማል። የሚገጥመው መካኒክ ጥበቡን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሌላ መካኒክ ነው የወረሰው፤ ድምፅ ሰምቶ ብቻ ቴስታታው እንደተቃጠለ ይነግርሃል። አልፎ አልፎም ይሳሳታል። ስህተቱ ግን ሌላ መካኒክ ሊያርመው የሚችል ስህተት ነው፤ የትኛውም ጋራዥ ሊከፍተው የማይችል የተቆለፈ ኮምፒውተር አይደለም።

አዲስ ነገር ይህ ሁሉ ሳይኖረው ሲመጣ ምን እንደሚሆን አይተናል። ሆላንድ ካር የተባለው ድርጅት ሞጆ ላይ መኪና እየገጣጠመ «አባይ» በሚልና በሌሎች ስሞች ሲሸጥ ገዢዎቹ ዜሮ ኪሎ ሜትር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ድርጅቱ ከሰረ። መኪኖቹ በዚያው ቀን አረጁ።

አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል፤ ይህ ለአሮጌ መኪና ባለቤት ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ነው። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ፤ የህዳሴው ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር አልፏል። ታዲያ ገንዘቡ ያለው ሰው ለምን ነዳጅ ያቃጥላል? መልሱ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ትነዳለህ በሚለው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ቤቱ ልደታ፣ ሥራው ሜክሲኮ የሆነ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢንከራተት ከ20 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ በዓመት 7,300 ኪሎ ሜትር። አሮጌ መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ብትጠጣ፣ ሊትሩም በ120 ብር ቢታሰብ፣ የዓመት ነዳጁ 87,600 ብር ነው። በሚሊዮኖች ከሚቆጠረው የአዲስ መኪና ዋጋ ጋር ሲተያይ ልዩነቱን ለመመለስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚነዳ የራይድ ሾፌር ግን በዚሁ ስሌት 438,000 ብር ያወጣል፤ እሱ በአሮጌ መኪና ላይ መቆየቱ ሞኝነት ነው። የሚያስቆጨው፣ መቀየር የሚጠቅመው እሱ ሆኖ ሳለ መግዣ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ሌላው መሆኑ ነው።

የቻርጅ ማድረጊያ ጉዳይም አለ። ልደታ በአሮጌው ሰፈር ቦታ ላይ የተነሡ ኮንዶሚኒየሞች መንደር ሆኗል። አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር፣ መኪናውን በጋራ ግቢ የሚያቆም ሰው ሽቦ ከመስኮት ሊጥል አይችልም። ጎረቤቱ ኦልድ ኤርፖርት ያሉት ግቢ ያላቸው ቤቶች ይህ ችግር የለባቸውም። የኤሌክትሪክ መኪና ለጊዜው የቪላ መኪና ነው።

እስከዚህ ድረስ የተናገርኩት ለአሮጌው መኪና ነው። አሁን ወደ ግዴታው ልምጣ።

አሮጌ መኪና ሌላ አማራጭ ለሌለው ሰውና አማራጭ እያለው ለያዘው ሰው አንድ ነገር አይደለም። የላዳ ታክሲ ሾፌር የላሰ ጎማ ላይ አንድ ወር ቢጨምር ለምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ጥፋት ነው፣ ግን የችግር ጥፋት ነው። የአዲስ መኪና ገንዘብ ባንክ አስቀምጦ በላሰ ጎማ የሚነዳ ሰው ምንም ሰበብ የለውም። እሱ መኪና ባለመግዛቱ የተረፈው ገንዘብ የተወሰነው ክፍል የመኪናዋ ነው። ፍሬኗ እስኪጮህ ሳይጠብቅ መቀየር፣ ጎማዋን በዓመቱ ማየት፣ ሞተሯ ዘይት ማቃጠል ሲጀምር ማውረድ ይገባዋል። ይህንን ካላደረገ ቋጣሪ የሚሉት ሰዎች ትክክል ናቸው፤ ቋጠሮውን የሚከፍለውም እግረኛው ነው።

ጭሱን ደግሞ ለብቻው ላንሣው፤ አዲስ አበባ ላይ ጭስ የተለየ ምክንያት አለውና። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ አየሯ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተር ይህንን አያውቅም። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ከሆነ ለሳሳው አየር የሚበዛ ቤንዚን ይረጫል፤ ያልተቃጠለው በማርሚታው በኩል ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጥቁር ጭስ የምታወጣ ዲኤክስ አርጅታ ላይሆን ይችላል፤ ለዚህ ከፍታ ያስተካከላት ሰው ጠፍቶ ይሆናል። ጥሩ መካኒክ በአንድ ከሰዓት የሚጨርሰው ሥራ ነው። ኋላዋ ያለው የቮልስ ነጂ ግን በየማለዳው መስኮቱን ይዘጋል።

የመንግሥትን ሚዛን የምቃወመውም እዚህ ላይ ነው። የኤክሳይዝ አዋጁ ከውጭ የሚገባውን አሮጌ መኪና በዕድሜው መመዘኑ ይገባኛል፤ ሌላው አገር የጣለውን መሰብሰቢያ መሆን አንፈልግም። አገር ውስጥ ላለው ግን የሚያስፈልገው ሚዛን የሠላሳና የአርባ ዓመት ቁጥር ሳይሆን ቦሎ ነው። ዓመታዊው ምርመራ በትክክል ቢደረግ፣ በደንብ የተያዘች የ1970ዎቹ ኮሮላ አልፋ፣ በስምንት ዓመቷ የተጎሳቆለች ቪትዝ ትወድቃለች። ለምርመራው ቀን ብቻ ጎማ የሚዋስ ሰው እንዳለ ሁሉም ያውቃል። እንዲህ ያለው ምርመራ ግን ከዕድሜ ቁጥርም የባሰ ነው፤ ቁጥሩ ቢያንስ አይዋስም።

ክብር የሚባለውን ነገር ረጅም ጊዜ አልሰጠውም። ሰው በመኪናው ይለካል፤ ቪ8 በር ላይ ሲደርስ ጥበቃው እንዴት እንደሚሮጥ ሁላችንም አይተናል። ጠበቃውም በዲኤክስ በመምጣቱ የሚያጣው ደንበኛ አይጠፋም። ሮልስ ሮይስ የነበራቸው ንጉሠ ነገሥት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ ነው፤ የመረጡላቸው ሰዎች መኪና ምን እንደሚናገር አጥተውት አልነበረም። መኪና ይናገራል። ጥያቄው ንግግሩን በስንት ሚሊዮን ብር መግዛት ይገባል የሚለው ነው፤ በእኔ ግምት ያን ያህል አያወጣም።

የማላሸንፈው ክርክር ግን አለ፤ የአደጋ ነው። «የድሮ ብረት ጠንካራ ነው» የሚለው የጋራዥ ወሬ ሐሰት ነው። አሜሪካ ውስጥ የመንገድ ደኅንነት ኢንሹራንስ ተቋም በ2009 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ1959 ሼቭሮሌ ቤል ኤርን ከ2009 ሼቭሮሌ ማሊቡ ጋር ፊት ለፊት አጋጨ። የአሮጌዋ የሾፌር ክፍል ተጨማደደ፤ ውስጧ የነበረው ሰው ቢሆን ኖሮ አይተርፍም ነበር። የአዲሷ ሾፌር እግሩ ላይ ብቻ በተጎዳ ነበር። ጠንካራ አካል ግጭቱን ለተሳፋሪው ያስተላልፋል፤ አዲሱ ፊቱን ሆን ብሎ አጨማዶ ኃይሉን ይበላል። ዲኤክስም ላዳም ኤር ባግ የላቸውም፤ በድንገት ሲያዝ ጎማ እንዳይቆልፍ የሚያደርግ ፍሬንም የላቸውም።

በሜክሲኮና በጦር ኃይሎች መካከል፣ መኪና ከሰው ሩጫ በማይበልጥ ፍጥነት በሚጎተትበት መንገድ፣ ይህ ጉድለት የሚያስፈራ አይደለም። በአዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ግን 85 ኪሎ ሜትር ገደማ በሙሉ ፍጥነት ነው የሚኬደው። እዚያ ልጆቹን ከኋላ ጭኖ በዲኤክስ የሚወጣ፣ መግዛትም መከራየትም የሚችል ሰው፣ ከላይ ያልኩትን ሁሉ ለራሱ መከላከያ አድርጎ ሊያነሣው አይችልም። እኔ ለእሷ የምከራከረው እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ነው።