ደጅ የቆመውን «ገብተሃል» የሚለው ሰርቨር

በአንድ ዩኒቨርሲቲ ማደሪያ መብራት ሄደ እንበል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መጣ። አንዲት ተማሪ ስልኳን አንስታ ወደ ግቢው ዋይፋይ ልትገባ ሞከረች፤ እምቢ አላት። የይለፍ ቃሏ ትክክል ነው፣ ጠዋት ሠርቷል። ደገመች፣ ሰለሰች። በማግስቱ አይሲቲ ክፍል ሄደች። ባለሙያው ስሟን ፈልጎ «አንቺ እኮ ገብተሻል» አላት።

ባለሙያው አልዋሸም፤ ያለውን መዝገቡ ላይ ያነበበውን ነው። ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ራዲየስ የሚባል አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊቪንግስተን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በስልክ መስመር ለሚገናኙ ደንበኞች ሠራው። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ፣ በሆቴልና በኢንተርኔት አቅራቢ ቤት ማን ይግባ፣ ማን ይከልከል የሚለው በአብዛኛው በእሱ ይወሰናል። በነጻ ከሚገኙት ሰርቨሮች ስሙ የገነነው ፍሪራዲየስ በ1999 ተጀመረ። የሚታዘዘው በጽሑፍ ፋይል ስለሆነ እንደ ዳሎራዲየስ ያሉ በብሮውዘር የሚከፈቱ ማስተዳደሪያዎች ተሠርተውለታል።

ሰው ሲገባ የዋይፋይ መሣሪያው ለሰርቨሩ «ጀመረ» ብሎ ይልካል፣ ሲወጣ ደግሞ «ጨረሰ»። መብራት ድንገት ሲጠፋ «ጨረሰ» የሚል አይኖርም። መዝገቡ ክፍት ሆኖ ይቀራል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ በአንድ መሣሪያ ብቻ ይግባ የሚል ገደብ ካለ፣ ተማሪዋን የሚከለክላት የገዛ ጥላዋ ነው። እርግጥ መሣሪያው ሲነሳ «እንደ አዲስ ጀምሬያለሁ» ብሎ ካሳወቀ ሰርቨሩ የቆየውን ይዘጋል። ሁሉም መሣሪያ ግን አያሳውቅም። ቢያሳውቅም ሰርቨሩ ራሱ መብራት ጠፍቶበት ገና እየተነሳ ከሆነ የሚሰማው የለም። በእጅ ማጽጃ ያላቸው ማስተዳደሪያዎች አሉ፤ ጽዳቱ ግን ባለሙያው ቢሮ እስኪገባ ይጠብቃል፣ ዓርብ ማታ ከሆነ ደግሞ እስከ ሰኞ።

እንዲህ ላለው ሶፍትዌር የማሻሻያ ጥያቄ የሚያቀርበው ባለሙያው ነው። ስለዚህ ቶሎ የሚጠየቀው እሱን የሚያሳርፈው ነው፦ ግራፍ፣ ሎጎ ያለበት የቫውቸር ካርድ ማተሚያ፣ ተጠቃሚን ከኤክሴል በጅምላ ማስገቢያ። የመጨረሻውን ማንም አይነቅፍም። በመስከረም የአዲስ ገቢ ተማሪዎችን ስም አንድ በአንድ መጻፍ ቅጣት ነው። ችግሩ ሌላ ነው። በሩ ላይ የተከለከለው ሰው የሶፍትዌሩን ስም እንኳ አያውቅም። በየት በኩል ይጠይቅ? የሱ ጥያቄ ቢደርስ ኖሮ የሚለው አጭር ነበር። መሣሪያው በየጥቂት ደቂቃው «ሰውየው አሁንም አለ» እያለ እንዲልክ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ መልእክት ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከቀረ ማስተዳደሪያው መዝገቡን በራሱ ይዝጋ።

ደህንነትም ያው ነው። በሐምሌ 2024 ብላስት ራዲየስ የተባለ ቀዳዳ ይፋ ሆነ። በመሣሪያውና በሰርቨሩ መካከል የገባ አጥቂ፣ የጋራ ምስጢሩን ሳያውቅ፣ «ተከልክሏል» የሚለውን መልስ «ተፈቅዷል» ብሎ ሊለውጥ ይችላል። ምክንያቱ ከ2004 ጀምሮ ድክመቱ የታወቀው ኤምዲ5 ነው። የሚያስቆጨው መከላከያ ፊርማው ከ2000 ጀምሮ በደንቡ ውስጥ መኖሩ ነው። በብዙ ቦታ ግን በውዴታ ነበር። ኢኤፒ በሚባለው መንገድ የሚሠራው ዋይፋይ ያልተነካው እዚያ ፊርማው ግዴታ ስለነበረ ነው። ፍሪራዲየስ ለሙከራ ይዞት የሚመጣው ምስጢር ደግሞ «ቴስቲንግ123» ነው፤ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ማስተዳደሪያው ይህን ምስጢር ሲያይ ቀይ መብራት አብርቶ አልቀጥልም ቢል ምን ይጎዳ ነበር?

ከዚህ የባሰው መዝገቡ ራሱ ነው። ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ስልክ፣ ስንት ሜጋባይት ተጠቀመ የሚለው ሁሉ እዚያ ይከማቻል። ካልተሰረዘ ዓመታት ይቀመጣል። ኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ካወጣች በኋላ ይህ የባለሙያ ምርጫ ብቻ ሊሆን አይችልም። ዳታ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ መቀመጥ የለበትም። ስለዚህ ቀኑ ሲደርስ የሚሰርዝ፣ መዝገቡን የከፈተውንም ሰው ስም የሚይዝ አሠራር ከግራፉ በፊት ሊጠየቅ ይገባል። አንድ አስተዳዳሪ የማን ልጅ ከሌሊቱ ስንት ሰዓት ላይ ኢንተርኔት ላይ እንደነበረ አይቶ ቢወጣ፣ ዱካው የት ይገኛል?

«ነጻ ሶፍትዌር ነው፣ ማንን እንጠይቃለን?» የሚል መልስ አለ። ግማሹ እውነት ነው። በትርፍ ጊዜው የሚሠራን ሰው ያለ ክፍያ ማጣደፍ ነውር ነው። ዩኒቨርሲቲውና ሆቴሉ ግን ሥርዓቱን የሚያቆምላቸውን ድርጅት በገንዘብ ይቀጥራሉ፤ የጨረታ ሰነድም ያወጣሉ። ጥያቄው የሚጻፈው እዚያ ሰነድ ላይ ነው። የሚከፈለው ድርጅት ሠርቶ ለዋናው ፕሮጀክት ይመልሰው።

ኮሚቴው አቅራቢውን ማሳያ ሲያስቀርብ ደግሞ ግራፉን ለማየት አይቸኩል። በአንድ ተማሪ ስም ይግባ፤ የዋይፋይ መሣሪያውንም የሰርቨሩንም ገመድ ከሶኬቱ ይንቀል፣ ጥቂት ቆይቶ ይሰካ። ከዚያ በዚያው ስም፣ በሌላ ስልክ፣ እንደገና ለመግባት ይሞክር።