ፊሽካውን ማን ይንፋ? ነጥቡንስ ማን ይጻፍ?

በጫሞ ግቢያችን የትምህርት ክፍሎች የኳስ ውድድር በመጣ ቁጥር ስለ ማልያ፣ ስለ ዋንጫና ስለ መክፈቻው ንግግር ብዙ እንመክራለን። ዳኛውና ነጥብ መዝጋቢው ትዝ የሚሉን ግን ኳሷ መሐል ሜዳ ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው። ያን ጊዜ «ፊሽካ ያለው ማነው?» ይባላል፤ ፊሽካ ያለውም ዳኛ ይሆናል። ይኸው ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ ቡድኖች የአንዱ የክፍል ጓደኛ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ስንል ዳኛውን ለመውቀስ አይደለም። ከአሥር ሰዓት በኋላ እንኳ የማይበርደውን የአርባ ምንጭ ፀሐይ ችሎ ያለ ክፍያ የሚሮጥ ሰው ምስጋና እንጂ ስድብ አይገባውም። ከጫሞ አዞ ይልቅ የሜዳ ዳር ተመልካችን ቢፈራም አይፈረድበትም።

በ1863 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የእግር ኳስ ሕግ ሲጻፍ ዳኛ የሚባል አልነበረበትም፤ ክርክር ሲነሣ አምበሎቹ ይጨርሱት ነበር። ቀጥሎ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ዳኛ ይዞ መምጣት ጀመረ፤ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ብቻ ከሜዳ ውጭ የቆመ ሦስተኛ ሰው ይጠየቃል። በ1891 እ.ኤ.አ. ያ ሦስተኛ ሰው ሙሉ ሥልጣን ይዞ ወደ ሜዳ ገባ፤ የቡድኖቹ ዳኞችም የመሥመር ዳኞች ሆኑ። እንግዲህ ዛሬም እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል የራሱን ሰው ባንዲራ አስይዞ ሲያቆም የምናይ እኛ በየትኛው ዘመን እንደምንገኝ አንባቢ ይፍረድ።

ከፊሽካው የሚብሰው የነጥቡ ነገር ነው። በአንድ ምድብ ሁለት ቡድኖች በነጥብ እኩል ሲሆኑ የጎል ልዩነት ይለያቸዋል። እኛ ግን «አሸነፉ» እንጂ «3 ለ 1 አሸነፉ» ብለን አንጽፍም። የምድቡ ጨዋታ ሲያልቅ አንዱ 3 ለ 1 ነበር ይላል፣ ሌላው 4 ለ 1 ይላል፤ ምስክር ይቆጠራል፤ ጩኸቱ የበረታው ያልፋል። መረብ ኳስ ላይማ ጉዱ ሌላ ነው። ዙሩ በ25 ነጥብ፣ አምስተኛው ዙር በ15 ያልቃል፤ ያውም በሁለት ነጥብ መብለጥ ያስፈልጋል። መዝጋቢው ከነጥቡ ሌላ ማን ከማን ቀጥሎ ሰርቭ እንደሚመታ፣ በዙሩ ከሚፈቀዱት ስድስት ቅያሪዎች ስንቱ እንዳለቁ፣ ዕረፍት ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ መጻፍ አለበት። በእኛ ዘንድ ይህን ሁሉ በጣቱ የሚቆጥር አንድ ልጅ ይቆማል፤ ስልኩ የጮኸ እንደሆነ 18 ይሁን 19 ይጠፋዋል። በአንድ ጨዋታ ሁለት ወረቀት ቀርቦ ሁለት ውጤት ሲነበብም ሰምተናል።

«ለመዝናናት ነው፣ ምን ያንጨረጭራችኋል?» የሚሉን አሉ። ቢሆንማ መልካም ነበር። ነገር ግን የተበደለ የመሰለው ቡድን ብሶቱን ሜዳ ላይ ጥሎ አይሄድም፤ ወደ ዶርምና ወደ ካፌ ይዞት ይገባል። ማታ ላይ «ለመሆኑ ዳኛው የየት አገር ልጅ ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጎል የሚያወራ የለም።

ያለንበትን አገር እንመልከት። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በዚሁ በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሡ ወጣቶችን የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ተንበርክከው መለሷቸው። ወጣቶቹ የሰሟቸው ሽማግሌዎቹ ያን ዕለት ከመንገድ ስለተለቀሙ አይደለም። በዱቡሻ ተቀምጦ ነገር ማየት በጋሞ የቆየ ሥርዓት ስለሆነ፣ ማን እንደሚዳኝ ጠቡ ሳይነሣ ይታወቃል።

ስለዚህ የዘንድሮው ዕጣ ሲወጣ የዳኞች ምደባም አብሮ ይውጣ። የሁለት ክፍሎችን ጨዋታ የሦስተኛ ክፍል ሰው ይዳኝ። የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች አንድ ቅዳሜ ሕጉን ያስተምሩን። ነጥቡ በአንድ ወረቀት ይጻፍ፤ ሁለቱ አምበሎች ይፈርሙበትና በዚያው ምሽት በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ሴት ተማሪዎችን ለጭብጨባ ብቻ መጥራታችንም ይብቃ። ሊዲያ ታፈሰ በ2015 እና በ2019 እ.ኤ.አ. ለሴቶች የዓለም ዋንጫ በዳኝነት የተመረጠች የዚህ አገር ሰው ናት፤ በእኛ ሜዳ ግን ለሴት ተማሪ ፊሽካ ሲሰጥ አላየንም።

ገንዘብ የለም የሚል መልስም እንዳይሰጠን፤ ከዋንጫው ዋጋ ጥቂት ቢቀነስ ሁለት ፊሽካ፣ አንድ የእጅ ሰዓትና አንድ ደብተር ይገዛል።