ከመስፈሪያው በላይ

ቡሬ ገበያ በርበሬ ስትሸምቺ ነጋዴዋ ከመስፈሪያው በላይ እፍኝ ትጨምርልሻለች፤ ስሙም ምርቃት ነው። መልካም ኑሮም ከዚህች እፍኝ አይርቅም።

ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወሎ ሄዱ። በረሃብ ከሞተች እናቷ አጠገብ ያገኟትን ሕፃን ይዘው ተመለሱ። በዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለቤታቸው ባይስማሙ፣ ልጆቹን ይዘው ከቤታቸው ወጡ። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ለብዙ ሺህ ልጆች እናት ሆነው ኖሩ።

ሁላችን ይህን ያህል አንችልም። ከሥራ ገብተሽ ራት አቅርበሽ ስትደክሚ ማንም አይወቅስሽም። ነገር ግን ለጎረቤትሽ አራስ እሳት የሚያነድላት አለ? ወላጅ ያጣው የሰፈርሽ ልጅ ደብተር አለው? መጀመሪያ የራስሽን መስፈሪያ ሙዪ፤ እፍኟን ግን አትርሺ።