ሐኪሙ ለምን አይሰነብትም?

ረመዳን በተቃረበ ቁጥር ብቸናም ሆነ ሞጣ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ፤ «ስኳር አለብኝ፤ መጾም እችላለሁ ወይ?» የሚል። የዚህ ጥያቄ መልስ ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። ኢንሱሊን የሚወጋው ኪኒን ብቻ ከሚወስደው ይለያል። ኩላሊቱ የተጎዳ ወይም ስኳሩ በድንገት የሚወርድበት ሰው ደግሞ ጾሙ ለሕይወቱ ሊያሰጋው ይችላል። ዲናችንም ለታመመ ሰው ፈቅዷል። የመድኃኒቱን መጠን ከኢፍጣርና ከሱሑር ጋር አስማምቶ «አንተ ጹም፣ አንቺ ግን ተይው» ለማለት የሚችለው በሽተኛውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሐኪም ነው። ችግሩ ግን በገጠር ከተሞች ዓምና ያየን ሐኪም ዘንድሮ ብዙ ጊዜ አናገኘውም። አዲሱ ሐኪም ታሪካችንን ከሀ ይጀምራል፤ እርሱም መላመድ ሲጀምር ሻንጣውን ያነሳል።

ምሥራቅ ጎጃም የጤፍ አገር ነው። ሆኖም በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 46 በመቶው መቀንጨራቸውን አሳይቷል። በአገር ደረጃ ግን 38 በመቶ ነበር። ጎተራው ሞልቶ ልጅ የሚቀነጭረው፣ ከእንጀራው ጎን እንቁላሉ፣ ወተቱና አትክልቱ ስለሚጎድል፣ ተቅማጡም ስለሚደጋገም ነው። ይህን ከእናትየው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር የአንድ ቀን ሥራ አይደለም።

ታዲያ ወጣቱ ሐኪም ለምን ይሄዳል? አንዳንዶቻችን «ገንዘብ ወዳድ ሆኖ ነው» እንላለን። እስቲ በእርሱ ቦታ እንቁም። ስድስት ዓመት ያህል ተምሮ፣ በኢንተርንነት ሌሊቱን ቆሞ አድሮ ይመረቃል። የወር ደመወዙ የቤት ኪራይና የቤተሰብ ወጪ አይችልም። በ2011 ዓ.ም. ሐኪሞች ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ በየሆስፒታሉ ድምፃቸውን ያሰሙት፣ በ2017 ዓ.ም. ግንቦትም የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም የደረሱት ከዋና ዋና ጉዳዮቻቸው አንዱ ይኸው ስለነበር ነው።

ደመወዙ ብቻም አይደለም። መሣሪያና መድኃኒት በሌለበት በሽተኛ ሲሞት ማየት ልብ ይሰብራል። ጠቅላላ ሐኪሙ ስፔሻሊስት የመሆን ተስፋው ከራቀ፣ የሚያማክረው አዋቂ ሐኪምም አጠገቡ ከሌለ፣ ተረስቻለሁ ይላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሳው ግጭት ደግሞ ለሁሉም ነገር ሥጋት ጨምሮበታል። መንገድ ሲዘጋ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ሪፈር የተጻፈላት ወላድ የምትቀረው በዚያው ሐኪም እጅ ላይ ነው።

ይህ አዲስ በሽታ አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. አካባቢ የነበረውን ሁኔታ ያሰሉ ተመራማሪዎች፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተወለዱ ሐኪሞች ከአሥሩ ሦስት ያህሉ በውጭ አገር እንደሚሠሩ ገምተው ነበር። መንግሥት መልሱን በብዛት በማሠልጠን ፈለገ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ብቻ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። ዛሬ ደብረ ማርቆስም ሐኪም ታፈራለች። ነገር ግን ቀዳዳ ያለው እንስራ ውኃ ቢቀዱበት አይሞላም። እንዲያውም በጀት ባለመኖሩ ተመርቀው ሥራ የሚጠብቁ ሐኪሞች አሉ፤ በሽተኛው ደግሞ ወረፋ ይጠብቃል!

«በሕዝብ ገንዘብ ተምሮ እንዴት ጥሎን ይሄዳል?» የሚለው ቅሬታ እውነትነት አለው። ወጣቱ ሐኪም የሕዝብ ዕዳ እንዳለበት መዘንጋት የለበትም። ይሁን እንጂ ግዴታ ብቻውን ሰውን እስከ ቀነ ገደቡ ያቆየዋል እንጂ አያሰነብተውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. አውጥቶ በ2021 ያሻሻለው መመሪያም የሚመክረው፣ የገጠር ልጆችን መልምሎ ማሠልጠንን፣ ምቹ መኖሪያንና የሥራ ቦታን፣ የትምህርት ዕድልንና ተመጣጣኝ ክፍያን አንድ ላይ ማድረግን ነው። ስለዚህ የጤና ቢሮው ሁለትና ሦስት ዓመት በገጠር ያገለገለን ሐኪም ለስፔሻሊቲ ያስቀድመው፤ የዱቲ ክፍያው በወሩ ይድረሰው፤ በግቢው ውስጥም መኖሪያ ይኑረው። የሠራተኛን ዋጋ ሳያዘገዩ መክፈል በዲናችንም የታዘዘ ነው።

እኛስ? መንግሥትን ብቻ ወቅሰን መቀመጥ የለብንም። በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ሞጣ ውስጥ መስጂዶች በተቃጠሉ ጊዜ፣ የአገሪቱ ሙስሊም ለመልሶ ግንባታ ገንዘብ አሰባስቦ ነበር። ያ ኅብረት ለጤናም ይውላል። ቤት ያለን ሰዎች «ሐኪም ስለሆነ ይከፍላል» ብለን ኪራይ አንቆልል። የጀመዓው ሽማግሌዎች አዲስ የመጣን ሐኪም ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ሳይሉ ቤቱ ሄደው «እንኳን ደህና መጣህ» ይበሉት፤ በዒድም ማዕዳቸውን ያካፍሉት። በሽተኛ ሲሞትብን በሐዘን ስሜት ሐኪሙ ላይ እጅ ማንሳትና መሳደብ ይቅር። ኢማሞቻችንም ይህን በጁሙዓ ኹጥባቸው ቢያነሱት መልካም ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ልጆቻችንን እናስተምር። በዚሁ ቀዬ ያደገ ሐኪም ቢመለስ ቋንቋውንም፣ ምግቡንም፣ ሰዉንም ያውቃል። በተለይ ሴት ሐኪም ስትኖር፣ አፍረው ሕመማቸውን የሚደብቁ እናቶቻችን ይናገራሉ። መስጂዶቻችን በክረምት ለሴትም ለወንድም ልጆች የሒሳብና የሳይንስ ማጠናከሪያ ቢከፍቱ፣ አቅም ያላቸውም ከሶደቃቸው ለአንድ ድሃ የሕክምና ተማሪ የኪስ ገንዘብ ቢመድቡ፣ አንድን ነፍስ በማዳን ምንዳ ውስጥ ድርሻ ያገኛሉ ኢንሻአላህ።

ውድ አንባብያን፣ በሚቀጥለው ረመዳን «መጾም እችላለሁ ወይ?» ብለን ስንጠይቅ፣ ዓምና ያየን ሐኪም ዘንድሮም ተቀምጦ ይጠብቀን ዘንድ የየበኩላችንን እንወጣ። አላህ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን፤ ለአገራችንም ሰላም ያውርድልን። አሚን!